የዘንዶ ገበያ ሒሳብ

ከቺካጎ በስተደቡብ በምትገኘው ቲንሊ ፓርክ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር፣ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ይሞላል። በጠረጴዛዎቹ ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ጌኮ የሚባሉ ጣት የሚያክሉ እንሽላሊቶችና ገና ከዕንቁላል የወጡ ትንንሽ ዘንዶዎች አሉ። ሕዝቡ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። እባብ ሲያይ ዱላ ለሚያነሣ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። በአሜሪካ ግን የተሳቢ እንስሳት ትርዒት ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ገበያ ነው። ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የፍሎሪዳው ትርዒት በ1990 ኦርላንዶ ውስጥ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዴይቶና ቢች ተዛወረ። በአውሮፓም የጀርመኗ ሃም ከተማ ትርዒት ከብዙ አገር ሻጭና ገዢ ይሰበስባል።

ከሻጮቹ ብዙዎቹ ነጋዴ ብለን የምናስባቸው ዓይነት ሰዎች አይደሉም። በሥራ ቀን ሌላ እንጀራ አላቸው፤ ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ አንዲት ክፍል በመደርደሪያ ሞልተው እባብ ያረባሉ። ትርዒቱ ላይ ለመቆም የጠረጴዛ ኪራይ፣ ቤንዚን፣ የሆቴል አልጋና የሽያጭ ግብር ይከፍላሉ። ይህ ወጪ ደረሰኝ ስላለው ለማስላት ቀላል ነው። ከባዱ ወጪ ከትርዒቱ ዓመታት በፊት የጀመረው ነው።

የዚህ ገበያ ዋና እንስሳ ቦል ፓይተን የሚሉት፣ ሲፈራ ተጠቅልሎ ድቡልቡል የሚሆን፣ መርዝ የሌለው የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ሲላክ ኖሯል። ሴቷ ለመራባት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ መድረስ አለባት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚያም በአንድ ጊዜ የምትጥለው ስድስት ዕንቁላል ገደማ ብቻ ነው፤ በየዓመቱም ላትጥል ትችላለች። ዕንቁላሎቹ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው ማስፈልፈያ ሁለት ወር ያህል ይቆያሉ። የተፈለፈለው ግልገል ቆዳውን ከገፈፈ በኋላ መብላት መጀመር አለበት። አንዳንዱ ለሳምንታት እምቢ ይላል። ኅሊና ያለው ሻጭ ደጋግሞ ያልበላ ግልገል ለገበያ አያወጣም። ያ ሁሉ የአይጥ፣ የመብራትና የእንቅልፍ ዋጋ በኩባያው ላይ በተለጠፈችው ቁጥር ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገባም።

ምክንያቱ የዚህ ንግድ ተፈጥሮ ነው። በግ የሸጠ ሰው ደንበኛው ለሚቀጥለው በዓል እንደሚመለስ ያውቃል፤ በጉ ታርዶ ተበልቷል። ቦል ፓይተን ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራል፤ ጥንድ የገዛ ሰውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሻጩ ጎን የራሱን ጠረጴዛ ይከራያል። በ1992 ቦብ ክላርክ የተባለ አርቢ ነጭና ቢጫ መልክ ያለውን አልቢኖ ቦል ፓይተን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርባታ አገኘ። በዚያን ጊዜ አንዱ በሺዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ከሁለት መቶ ዶላር በታች ይገኛል። እንስሳው የከፋ ነገር የለውም፤ ብዙ ገዢዎች ራሳቸው አርቢዎች ስለሚሆኑ ነው። ስለዚህ አርቢው ዘወትር አዲስ መልክ ያሳድዳል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይረክሳል።

ይህ ሩጫ ጉዳት አምጥቷል። ስፓይደር የሚባለው፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥለት ያለው ዘር፣ ጭንቅላቱ ይዋልላል፤ አንዳንዱ አቅጣጫ ስቶ ይገለበጣል። በ2022 የታተመ ጥናት የውስጥ ጆሮው አካል ሲፈጠር እንደሚዛባ አሳይቷል። ውበቱና ሕመሙ አብረው ይወረሳሉ፤ እስካሁን ማንም አልለያያቸውም። በብሪታንያ ዓለም አቀፉ የሄርፔቶሎጂ ማኅበር በትርዒቶቹ ላይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ትክክል አድርጓል፤ ሌሎቹም ይህን ሊከተሉ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ትርዒቱ ለሻጩ የሚሰጠውን ትልቁን ጥቅም ለመረዳት ግን ጥቂት የዘረመል ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ተራ መልክ ያላቸው ነገር ግን የአልቢኖን ዘር የተሸከሙ ዘንዶዎች ቢዳቀሉ፣ በአማካይ ከአራቱ ልጆች አንዱ አልቢኖ ይወጣል። ከቀሩት ሦስት ተራ መሳዮች ሁለቱ ተሸካሚዎች ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን አይለይም። በገበያው ቋንቋ ተሸካሚው «ሄት» ይባላል፤ እነዚህ ሦስቱም «66 በመቶ ሄት» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ገዢው የሚከፍለው ለማያየው ነገር ነው። አሁን ከተገፈፈ ቆዳ አንዳንድ ባሕርያትን የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች ቢኖሩም፣ ለብዙ ዓመታት ማስረጃው የሻጩ ቃል ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ፊት ለፊት መቆሙ ዋጋ ያለው። ገዢው ሰውየውን ያያል፤ እባቡን ተቀብሎ ሆዱንና አፉን ይመረምራል፤ መቼ እንደበላ ይጠይቃል። በቅዳሜው ሽያጭ ወጪውን ብቻ የመለሰ ሰው፣ ለዓመታት የሚደውሉለት ደንበኞች ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ካልተሸጡት እንስሳት ጋር ግን በሽታም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ጥቁር ነጥብ የምታክል የእባብ ደም መጣጭ ተባይ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ትሻገራለች። በዘንዶዎች ላይ የሳንባ ሕመም የሚያመጣው ኒዶቫይረስ በ2014 በሳይንስ መጽሔቶች ከተገለጸ ወዲህ የአርቢዎች ሥጋት ሆኗል። ነብርማ ጌኮን አክስቶ የሚገድለው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ደግሞ በየጠረጴዛው በሚቀመጠው የአልኮል ጄል አይሞትም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሻጭ ያልተሸጡትን ወደ እርባታው ክፍል አይመልስም፤ ለወራት በተለየ ክፍል ያቆያቸዋል። ክፍሉም፣ ድካሙም፣ ምርመራውም ሌላ ወጪ ነው። ሰውም ከእንስሳቱ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ተሳቢ እንስሳት መንካት የለባቸውም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ቅርፋቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ በ1975 ከልክሏል፤ ለትምህርትና ለምርምር ግን ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ሻጭም በዚያ ቀዳዳ ይሾልካል።

እዚህ ላይ የእኛም አገር እንስሳ ይገባበታል። ሱልካታ የምትባለው የየብስ ኤሊ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው ደረቅ ምድር ትኖራለች፤ በአፍሪካ ዋናው ምድር ከእርሷ የሚበልጥ ኤሊ የለም። ከ2000 ጀምሮ ከዱር የተያዘችን ለንግድ መላክ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተዘግቷል። በአሜሪካ ጓሮዎች ግን አንዲት ሴት በዓመት ደጋግማ፣ በአንድ ጊዜ ሃያ ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በትርዒቱ ላይ መዳፍ የማትሞላ ግልገል በርካሽ ትገኛለች። ወንዱ ሲያድግ 50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አጥር ይገፋል፤ ዕድሜውም ከገዢው ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳይናገር ለአፓርታማ ነዋሪ የሚሸጥ ሰው አታሏል እላለሁ፤ ወረቀቱ ሁሉ ሕጋዊ ቢሆንም።

እሑድ ከሰዓት፣ ትርዒቱ ሊያበቃ ሲል፣ ዋጋ መውረድ ይጀምራል። ያልተሸጠውን ጭኖ መመለስ ያስጨንቃል፤ ርካሽ ዋጋ የሚጠብቅ ገዢም በዚያች ሰዓት ይመጣል። አርባ ዶላር የወጣበት እባብ ማሞቂያ፣ ቴርሞስታትና ሳጥን ሲጨመርለት ብዙ እጥፍ እንደሚያስወጣ ያላሰበ ሰውም ከነዚያ ገዢዎች መካከል አለ። ጥሩዎቹ ሻጮች በዚህ ጊዜ ጥያቄ ያበዛሉ፦ የት ታኖረዋለህ? ሙቀቱን በምን ትቆጣጠራለህ? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? መልሱ ካላረካቸው መጀመሪያ ሳጥኑን አዘጋጅቶ በሚቀጥለው ትርዒት እንዲመለስ ይነግሩታል። ማሳደግ ቢያቅተው መልሰው እንደሚቀበሉትም ቃል ይገባሉ። ለዘንዶ ይህን ቃል መፈጸም አይከብድም፤ አንዲት መሳቢያ ትበቃዋለች። ለሱልካታ ግን ሰፊ ግቢ ያስፈልጋል፤ በአሪዞና ያሉ መጠለያዎች ባለቤት ባጡ ትልልቅ ኤሊዎች የተጨናነቁትም ግቢ ያለው ሻጭ ጥቂት ስለሆነ ነው።