የወሰደውን የሚመልስ ቤት

ከመካከላችን ብዙዎቹ ሥልጠናቸውን ጨርሰው የሚመደቡት ገጠር ነው። እዚያ ሲደርሱ ታዲያ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሌላ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ወላጆች ተሰብስበው «አንድ ክፍል እንጨምር፤ እንጨቱም ጭቃውም ከእኛ፤ እንዴት እንሥራው፣ መምህር?» ይላሉ። ያኔ «እኔ የመጣሁት ሒሳብ ለማስተማር ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ስለሚቆምና ከአካባቢው የወሰደውን ስለሚመልስ ቤት ጥቂት ልንል ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ሐይቅ ከተማን፣ ከአጠገቧም ሐይቁንና የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እናገኛለን።

ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ውኃ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። በዙሪያው ካለው ተዳፋት ዛፍ ተቆርጦ አፈሩ ቢታጠብ መሄጃው ወዴት ነው? ወደ ሐይቁ ሆድ ነው፤ ገብቶም አይወጣም። ለቤት ተብሎ ያለ ምትክ የተቆረጠ ማገር ዞሮ ዞሮ የሐይቅ ደለል ይሆናል ማለት ነው። ሌላው አገር ጥፋቱን ወንዝ ይወስድለታል፤ የሐይቅ ሰው ግን እዚያው ደጁ ላይ ያገኘዋል።

ገዳሙ የቆመበት መሬት ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ መጥተው ገዳሙን ትልቅ የትምህርት ቦታ አድርገውታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። መምህራን ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ቦታው የመምህራን ማፍሪያ ነበርና። ለዛሬው ጉዳያችን የምንፈልገው ግን ዛፉን ነው። ያገራችን ሰው ቤተ ክርስቲያንን የሚያስበው ከነዛፉ ነው፤ ራቁቱን የቆመ ደብር ጎዶሎ ይመስለዋል። በወሎ በብዙ ቦታ የሙስሊሙም የመቃብር ዛፍ እንዲሁ አይነካም። ዛፉ ጥላ ይሰጣል፣ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ የረገፈው ቅጠል የዝናቡን ጉልበት አብርዶ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋል። ሕንፃውና ደኑ አንድ ሥራ ናቸው። ትምህርት ቤት ስንሠራ ግን መጀመሪያ የምናደርገው ግቢውን መመንጠር ነው! ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም።

ባለፈው ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ት/ቤት ወርደን ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ጧት ክፍሉ ይበርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይግላል። አንድ ቀን ክፍልፋይ እያስተማርን ሳለ ዝናቡ ወረደ። ጮኽን፣ ጮኽን፤ አልሆነም። ትምህርቱ በሰሌዳ ጽሕፈት ብቻ አለቀ። ክፍሉ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያልሞላው ቢሆንም የግድግዳው እግር በዝናብ ተበልቶ ማገሩ ወጥቷል።

ይህን አይቶ «ጭቃ ድሮውንም የድኻ ነገር ነው፤ በብሎኬት እንሥራ» የሚል አይጠፋም። ጥፋቱ ግን የጭቃ አይደለም። አሮጌዎቹን የጭቃ ቤቶች የሚሠሩ አባቶች አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ እየረገጡ ለቀናት ያሰነብቱታል። ጭዱ ሲብላላ ጭቃው ሙጫ ይሆናል፤ ሲደርቅም አይሰነጣጠቅም። ያየነው ት/ቤት ጭቃ ግን ጧት ተቦክቶ ከሰዓት የተመረገ ይመስላል። የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ቢል፣ የክዳኑም ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቢወጣ ኖሮ ግድግዳው አይበላም ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግለት ተቃጥሎ የሚሠራ ነው፤ ሰው በዓለም ላይ ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ 8 ከመቶ የሚጠጋው ከዚህ ኢንዱስትሪ ይወጣል። ለመሠረት፣ ለውኃ ገንዳ እንጠቀምበት፤ ለግድግዳ ሁሉ ግን አያስፈልግም። ወደ ሣር ክዳንም እንመለስ አንልም፤ ሣሩ የት አለና? ቆርቆሮው ይቅር ሳይሆን ከሥሩ ኮርኒስ ይግባለት ነው የምንለው። ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ኮርኒስ ግለቱንም ጩኸቱንም ይቀንሳል። ጭቃው ስለሚከብድ ወራጁ ጠንካራ መሆን አለበት።

ይህ የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ በልጅነቱ በመንደሩ ት/ቤት ስላልነበረ ርቆ ተማረ፤ በኋላም በርሊን ሄዶ የሕንፃ ጥበብ አጠና። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. ለጋንዶ ት/ቤት ሠራ። ግድግዳው ትንሽ ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የሸክላ አፈር ጡብ ነው፤ ጣሪያውም እንዲሁ ጡብ ሆኖ የቆርቆሮ ክዳኑ ከላይ ራቅ ብሎ ተሰቅሏል። በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሰውየው በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የተባለውን ትልቁን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት አግኝቷል። ባገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአፈር የተሠራ ፎቅ ያለው የሙከራ ቤት ቆሟል።

ፀሐይን በሚመለከት፣ ሐይቅ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ጥቂት ወደ ሰሜን። ጧትና ማታ ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ የምትገባው በምሥራቅና በምዕራብ ነው። ስለዚህ የክፍሉ ረጃጅም ግድግዳዎች በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ፤ መስኮቱም እዚያ ላይ። አጫጭሮቹ ይደፈኑ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ችካል ከመመታቱ በፊት ማሰብ ብቻ ነው።

የውኃውን ጉዳይ ከተማሪዎች ጋር እንደ ሒሳብ መሥራት ይቻላል። 8 በ7 ሜትር የሆነ ክዳን 56 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ይሰጣል። በሐይቅ አካባቢ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ 1,000 ብለን ብንይዘው 56,000 ሊትር ነው። አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 45,000 ሊትር ያህል፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ2,200 ጀሪካን በላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ውኃ አሁን የግድግዳችንን እግር እንዲበላ ነው የምንለቀው። በአሸንዳ ወደ ገንዳ ቢገባ (የመጀመሪያው ዝናብ ክዳኑን ስለሚያጥብ ይደፋ) ለመታጠቢያና ለችግኝ ይሆናል።

ስለ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍን የሚሰድቡ ጓደኞች አሉን። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ባይኖር ግን የቀረው ጥድና ወይራ ለማገርና ለማገዶ ባለቀ ነበር። ከምንጭና ከእርሻ ራቅ አድርገን እንትከለው እንጂ አንርገመው። የግቢው ጥላ ግን ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር ይሁን። ቆጠራውም ቀላል ነው፤ ለክፍሉ የገባው ቋሚ ስንት ነው? ከዚያ የሚበልጥ ችግኝ በክረምቱ ይተከል፤ እያንዳንዱም ተማሪ የራሱን ይጠብቅ።

አንድ የረሳነው ጭቃው የተቆፈረበት ጉድጓድ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ሲያልቅ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ይቀራል፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ የወባ ትንኝ ያራባል። ነገር ግን ከአሸንዳው ዝቅ ባለ ቦታ ቢቆፈርና በኋላ ፍግና ቅጠል ቢሞላ፣ ከገንዳው የተረፈው ውኃ እየገባበት የፍራፍሬ ችግኝ ያሳድጋል። ያየነው ት/ቤት ጉድጓድ ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። የዚያን ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ልጅ በእንጨት እየጎረጎረ ጫማውን ሲፈልግበት ትተነው መጣን።