አጥንት የሚችል ስለት

ከካርቱም መሀል ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ፣ በነጭ አባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ በተዘረጋችው ካላክላ፣ ከበድ ያለውን የወጥ ቤት ሥራ የሚሠራው ሱዳኖች ሳጡር የሚሉት ሰፊና ከባድ መከትከቻ ቢላዋ ነው። ካዋሬ የሚባለው የሱዳኖች ተወዳጅ ሾርባ ከበሬ እግር ስለሚሠራ ቢላዋው በየዕለቱ ከአጥንት ጋር ይጋጫል፤ ቅልጥም የሚቀቅል ሐበሻም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። የዶሮ ብልት ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ አያሻውም። እሱ በመገጣጠሚያው በኩል በስስ ካራ ይወጣል። ገዢው ሳጡር ሲያነሳ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ይስላል ወይ? ይዝጋል ወይ? አጥንት ለሚመታ ቢላዋ ግን ከሁለቱም በፊት መጠየቅ ያለበት ምቱን ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ብረት ሲመረጥ ሁለት ጠባዮች ይምታታሉ። አንደኛው ጠጣርነት ነው፤ ብረቱ ሲጫኑት አልጎደጉድም፣ አልታጠፍም የሚልበት አቅም። ሁለተኛው ቻይነት ነው፤ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ሳይሰነጠቅና ሳይሸረፍ የሚቆይበት አቅም። ብርጭቆ ጠጣር ነው፣ ምት ግን አይችልም። መዳብ ምት ይችላል፣ ስለት ግን አይዝም። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም አለው፤ ይህ ክሮሚየም ከካርበን ጋር ሲዋሃድ ካርባይድ የሚባሉ እጅግ ጠጣር ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ቅንጣቶቹ ስለቱ ቶሎ እንዳይበላ ይጠብቁታል፣ ሲተልቁና ሲበዙ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። 440ሲ የሚባለው ስመ ጥር የማይዝግ ብረት 1 ከመቶ ገደማ ካርበንና 17 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው እነዚህ ትልልቅ ቅንጣቶች ይበዙበታል፤ ለሥጋ መቁረጫ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለአጥንት የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ስዊድኖች ለጢም ምላጭ የሠሩት ኤኢቢ-ኤል በአንጻሩ 0.67 ከመቶ ካርበንና 13 ከመቶ ክሮሚየም ብቻ ይዟል። የምላጭ ጫፍ እጅግ ስስ በመሆኑ ትልልቅ ቅንጣት ያለው ብረት አይሆነውም፤ ስለዚህ ደቃቅ ቅንጣት ያለው ብረት ተቀመመለት። አጥንት የሚመታ ስለትም የሚፈልገው ያንኑ ደቃቅነት ነው። ለመላጫ የታሰበ ብረት ለመከትከቻ መስማማቱ ሲያዩት ያስገርማል፣ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

ጠጣር ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል የሚል መከራከሪያ አለ። ሥጋ በመቁረጥ ረገድ እውነት ነው። በመከትከት ግን ስለት የሚጠፋው ተበልቶ አይደለም፤ ወይ ይታጠፋል፣ ወይ ይሸረፋል። የታጠፈ ጫፍ በመሳያ ብረት በጥቂት ደቂቃ ይቀናል። የተሸረፈ ግን ሽርፉ እስከ ገባበት ጥልቀት ድረስ መላው ጫፍ በሞረድ መወገድ አለበት። ተሸርፎ የወጣው ብረት ደግሞ ድስት ውስጥ ገብቶ የሰው ጥርስ ይጠብቃል። ለዚህ ነው በሮክዌል መለኪያ ከ54 እስከ 58 ያለው ጠጣርነት ለሳጡር ይበቃል የምለው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ቁጥር ለዚህ ሥራ ጉራ ነው። ጫፉም በየወገኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ወፈር ብሎ መሳል አለበት፤ ምላጭ እንዲመስል የተሳለ ሳጡር የትኛውም ብረት ቢሆን አይቆይም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ለምን የማይዝግ ብረት? የሚለው ነው። ሱዳን የብረት አገር ናት። ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጥንታዊቷ መርዌ ብረት ይቀልጥ እንደነበር የአመዱና የዝቃጩ ክምር ዛሬም ይመሰክራል፤ የከሰላ ሰይፍ ሠሪዎችም ከመኪና ባሌስትራ ሰይፍ ሲሠሩ ኖረዋል። ባሌስትራ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርበን ያለው ብረት ነው። በአግባቡ ከተሠራ ምት በመቻል ከማይዝጉት አብዛኞቹን ይበልጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንጨት ለሚፈልጥ ወይም ቁጥቋጦ ለሚመነጥር ሰው እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ወጥ ቤት ግን ሌላ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጨው፣ ዓሣና እርጥብ ጣውላ አለ፤ በምግብ ቤት ደግሞ ቢላዋው ለብዙ እጅ የተሰጠ በመሆኑ አድርቆ የሚያስቀምጠው አይገኝም። ዝገት የሚያስፈራኝም መልክ ስለሚያበላሽ ብቻ አይደለም። ዝገቱ የሚቆፍራቸው ጉድጓዶች የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ፣ በተለይ ማንም በማያየው እጀታ ውስጥ። እዚያ የተበላ ሳጡር ሲሰነዘር ከእጀታው ተነቅሎ ሊወነጨፍ ይችላል። የማይዝገውም ቢሆን በጨው ውሃ ካደረ ይቆፈራልና ታጥቦ መድረቁ አይቀርለትም።

ገበያ ላይ ማግኔት የሳበው ብረት ስቴንለስ፣ ማለትም የማይዝግ፣ ሊሆን አይችልም የሚል የተለመደ እምነት አለ፤ ገዢን ወደ ስህተት የሚመራ ነው። ማግኔት የማይስበው 304 የሚባለው፣ 18 ከመቶ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ኒኬል ያለው፣ ድስትና ማንኪያ የሚሠራበት ብረት ነው። እሱ በእሳት አግለው ቢነክሩት አይጠጥርምና ስለት አይዝም። የቢላዋ ስቴንለስ ማግኔት ይስበዋል። ከማግኔቱ ይልቅ ስለቱ ላይ የተቀረጸው ይበልጥ ይናገራል። በቻይና ቢላዋዎች ላይ 3ሲአር13 የሚል ካለ ካርበኑ 0.3፣ ክሮሚየሙ 13 ከመቶ ገደማ ነው፤ ምት ይችላል፣ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። 5ሲአር15 የሚለው 0.5 እና 15 ነው። በጀርመን ቢላዋ የተለመደው 1.4116 የእሱ አቻ ነው፤ ለካላክላ ወጥ ቤት ኤኢቢ-ኤል ካልተገኘ የምመክረውም እነዚህን ሁለቱን ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ግን ሻጩ ምንም ቢል አልተማመንበትም።

ጽሑፉ የብረቱን ቅመም እንጂ በእሳት እንዴት እንደታከመ አይነግርም፤ ከስሙ ይልቅ የሚወስነው ደግሞ ይህ ነው። ብረቱ ግሎ ከተነከረ በኋላ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተመልሶ ካልሞቀ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በኋላም ከ425 ዲግሪ ካለፈ ቻይነቱም ዝገት መከላከሉም ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ይለሰልሳል። በግራይንደር ሲሳል በየጊዜው ውሃ ውስጥ መነከር ያለበት ለዚህ ነው፤ ስስ ጫፍ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ሰማያዊ ቀለም ከወጣበት ደግሞ ሕክምናው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በተነሳው ጦርነት በካርቱም ብዙ ቤት ተቃጥሏል፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችም ከአመድ ውስጥ የሚተርፈው ብረት ብቻ ሆኖ ያገኙታል። እሳት ያለፈበት ሳጡር ቢወለወል ያበራል፣ ቢሳልም ይቆርጣል። ለሽንኩርትና ለጎመን ይሁን፤ አጥንት ላይ ግን አይሰንዘር።