የቤተ ልሔም ደቀ መዝሙር በኮሌጅ



በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የሚባል ደብር መኖሩን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አይገኝም። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር እንደሚኬድ ሁሉ፥ የቅዱስ ያሬድን ድጓ ማስመስከር የሚሻ ሰው ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። አባቶች እንደሚነግሩን በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ ድጓው ተርፎ የተገኘው በዚህ ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም እንደ ታሪኩ ነው፤ ከውጭ ክብ ሆኖ ይታያል፥ በውስጡ ግን ከድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ ተሰውሯል። በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ አይቶ ተደንቆበታል። በአጠገቡ ባሉት ጎጆዎች ሌሊት ሲዘመር የነበረውን ግን እንደ ሕንጻው የመረመረው ጥቂት ነው።

እኛም ድጓን የተማርነው በዚያ ነው። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ከውሻ ጋር እየታገልን ተምረናል። ዛሬ ደግሞ በኮሌጅ የነገረ መለኮትና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህራን ከሆኑት ጋር ተቈጥረናል። ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የደረሰብንን አንድ ነገር እንነግራችኋለን።

በቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ አንድ ደቀ መዝሙር ወደ እኛ ክፍል ገብቶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ እንዲጽፍ ጠየቅነው። ጉባኤው የተደረገበትን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 451 ዓመት፥ የንጉሡን የመርቅያንን ስም፥ የዲዮስቆሮስን መሰደድ አንድም ሳያጐድል ጻፈ። ቀጥሎ ግን፦ ቤተ ክርስቲያናችን የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጦ ጠፋ ብላ ታስተምራለች አለ። ይህ የአውጣኪ ክሕደት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አውጣኪን ታወግዛለች። ልጁ ይህን ከየት አመጣው? ከሰጠነው የባዕድ አገር መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የምዕራባውያን መጻሕፍት እኛ፥ ግብጻውያን፥ ሶርያውያን፥ አርመናውያንና ሕንዳውያን «ሞኖፊዚት» ተብለን ተጠርተናል። በግሪክ «ሞኖስ» ማለት ብቻ፥ «ፊሲስ» ማለት ባሕርይ ነውና፥ ስሙ አንዱ ባሕርይ ሌላውን አጥፍቶ ብቻውን ቀረ የሚል ያስመስላል። ቅዱስ ቄርሎስ ያስተማረው ግን «ሚያ»፥ ማለት በተዋሕዶ የሆነችውን አንዲት ባሕርይ ነው። መለኮትና ትስብእት ያለ መለየት፥ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ አንድ ሆኑ፤ ተዋሕዶ የምንለውም ይህን ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው በአንድ እምነት መቆማቸውን ለዓለም አስታውቀዋል። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የቀድሞውን ስም ትተው «ሚያፊዚት» ይላሉ፤ አሮጌው መጽሐፍ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም።

ደቀ መዝሙሩን ጠርተን አልተቈጣነውም። የልደትን ድጓ አዚምልን አልነው። ዜማውን ጀመረ፤ በግርግም የተኛው ሕፃን ዓለምን የፈጠረ እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ከሚናገረው ስፍራ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። «የኔታ፥ የጻፍሁት ከዚህ ጋር አይስማማም» አለን። የይሁዳን ቤተ ልሔም በጋይንቱ ቤተ ልሔም ስንት ሌሊት አዚሟት ነበር! ጥፋቱም የእርሱ አልነበረም። ይዞት የመጣውን ሳንጠይቀው ሌላ ሸክም የጫንንበት እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጉባኤ ከማስተማራችን በፊት ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡትን እንጠይቃለን። ስንክሳር የኤፌሶንን ጉባኤ መስከረም 12፥ የኒቅያን ኅዳር 9፥ የቍስጥንጥንያን የካቲት 1 ቀን ያስባል። ሃይማኖተ አበው ደግሞ የአባቶችን ቃል ሰብስቦ ይዟል። የባዕዱ መጽሐፍ የሚከፈተው ይህ ከተነበበ በኋላ ነው።

ዳሩ ግን ኮሌጅ ሃይማኖት ያጠፋል ለሚሉት ወንድሞች አንስማማም። ያው ደቀ መዝሙር 318ቱን ሊቃውንት በበዓላቸው ሲያወድስ ኖሮ፥ ኒቅያ ከተሰዓቱ ቅዱሳን መምጣት ይቀድማልን ወይስ ይከተላል ብንለው መልስ አጥቶ ነበር። በዓል በየዓመቱ ይዞራል፤ ታሪክ ግን መቅደምና መከተል አለው። ኒቅያ በ325፥ ኤፌሶን በ431 መሆኑን ያላወቀ ሰው፥ ቄርሎስ ንስጥሮስን ሲቃወም በአትናቴዎስ መሠረት ላይ መቆሙን እንዴት ያስተውላል? አንዳንድ የኮሌጅ ምሩቃንም የዜማ ቤቱን ትምህርት በቃል መያዝ ብቻ ነው ብለው ሲንቁት እንሰማለን። እነዚህስ ድፋትና ቅናትን፥ ይዘትና ጭረትን ለይተው አንድ ገጽ ዜማ እስኪ ይያዙ!

ደቀ መዝሙሩ ተመርቆ ወደ ጋይንት ሲመለስ ከእኛ ዘንድ አንድ ካርታ ለምኖ ወሰደ። ኒቅያን፥ ኤፌሶንንና ኬልቄዶንን በቀይ ቀለም አመልክቶበታል። ከጎጆው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት፥ የድጓ ተማሪዎች ኅዳር 9 ቀን ለማኅሌት ከመግባታቸው በፊት ስፍራውን በጣታቸው እያሳዩ እርስ በርሳቸው እንደሚጠያየቁ ጽፎልናል። አሁን ደግሞ የእስክንድርያንና የአክሱምን መንገድ የሚያሳይ ሌላ ካርታ ላኩልኝ ብሎናል።