ያረጀች የፋይበርግላስ ጀልባ ትጠገን ወይስ ትጣል?

የጣና የደንገል ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች፤ መድረቅ እምቢ ስትል ትጣልና በምትኳ ሌላ ይታሰራል። የፋይበርግላስ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መጨረሻ የላትም። አትዝግም፣ ምስጥ አይበላትም፣ ቀፎዋም እንደ እንጨት አይበሰብስም። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ የጀልባ ግቢዎች ውስጥ ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ቀለማቸው የገረጣና ጎናቸው የተሰነጠቀ ጀልባዎች ሸራ ለብሰው ይታያሉ። አንዳንዶቹ በጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዶቹም በነፃ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለችውን ጠግኖ ውሃ ላይ መመለስ መቼ ያዋጣል?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ዕቃውን ማወቅ ይጠቅማል። ፋይበርግላስ የመስታወት ክርና ፈሳሽ ሬዚን ተዋህደው የሚፈጥሩት ነው። ክሩ በጨርቅ መልክ ተሸምኖ፣ ወይም ተቆራርጦ በንጣፍ መልክ ተዘጋጅቶ ቅርጽ ማውጫው ላይ ይዘረጋል፤ ፖሊስተር ሬዚን እየጠጣ በድርብርብ ይነጠፋል፤ ሬዚኑ ሲጠነክር ሁሉም አንድ አካል ይሆናል። ከውጭ የሚታየው አንጸባራቂ ሽፋን ጄልኮት ይባላል።

የኦሃዮው ጀልባ ሠሪ ሬይ ግሪን ከዚህ ዕቃ ትንሽ ጀልባ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር። ፋይበርግላስ የብዙኃኑ ጀልባ የሆነው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት የቀረበችው ፒርሰን ትራይተን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ካርል አልበርግ የነደፋት፣ የአጎት ልጆች የሆኑት ክሊንተንና ኤቨሬት ፒርሰን በሮድ አይላንድ ግዛት የሠሯት ባለሸራ ጀልባ ስትሆን ርዝመቷ 28 ጫማ ገደማ ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ 700 ያህል ተሠርተው ተሸጠዋል። የዚያን ዘመን ሠሪዎች አዲሱን ዕቃ ገና በሙሉ ልብ ስላላመኑት ቀፎውን ብዙ ጊዜ አወፍረው ነበር የሚሠሩት። ጄምስ ባልድዊን የተባለው አሜሪካዊ መርከበኛ በአሮጌ ትራይተን ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞሮባታል።

ታዲያ እንዲህ ያለችውን ጀልባ የሚገድላት ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በውስጧ ያለው እንጨት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ የምትባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል በሆዷ እንጨት ደብቃ ትይዛለች። ሰው የሚቆምበት የላይኛው ወለል ሳይከብድ እንዲጠነክር በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ገጾች መካከል ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ይገባበታል፤ የትራይተንም እንዲሁ ነው። ሞተር የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ መሃሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ከወለሉ ሥር በቁመት የሚሄዱት ማጠንከሪያዎችም በብዙ የሞተር ጀልባዎች ፋይበርግላስ የለበሱ እንጨቶች ናቸው። ማን እንደበሳው በማይታወቅ አንድ የብሎን ቀዳዳ ውሃ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ከውጭ ጄልኮቱ እያንጸባረቀ፣ በውስጥ እንጨቱ እየበሰበሰ ዓመታት ያልፋሉ።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከሚታየው ቀዳዳ ሳይሆን ከማይታየው እንጨት ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻና ካቻቪቴ ይበቃል። ጤነኛው ክፍል በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የረጠበው ወይም ንብርብሩ የተላቀቀው ክፍል ድምፁ ይታፈናል። የላይኛው ወለል ሲረገጥ ከሰረገደ ባልሳው አልቋል ማለት ነው። የኋላ ግድግዳውን ለመፈተን ሞተሩን ይዞ ወደ ታች መጫን ይቻላል፤ ግድግዳው ከተላወሰ ኮምፔንሳቶው ተበልቷል። ከማጠንከሪያዎቹ ዝቅተኛ ቦታ አንድ ብሎን ፈትቶ ማየትም ብዙ ይናገራል፤ ውሃ ወይም የጠቆረ እርጥብ ብናኝ ከወጣ ሥራው ከባድ ነው። የእርጥበት መለኪያ ይረዳል፤ ነገር ግን ትናንት ከውሃ የወጣች ጀልባ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ያሳስታል።

ከዚያ በኋላ የውጭው ጉዳት ይታያል። በጄልኮት ላይ ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ናቸው። ስንጥቆቹ በማጠንከሪያዎቹ መስመር ላይ ተደርድረው ከታዩ ግን አካሉ እየተጣጠፈ መሆኑን ይጠቁማሉ። ከሥር የሚታዩት ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ውሃ በጄልኮቱ ሰርጎ ሬዚኑ ውስጥ ያለውን ሟሚ ነገር ሲያሟሟ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ሲፈነዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ያስደነግጣሉ እንጂ ጀልባ የሚያሰምጡት ከስንት አንድ ነው፤ ፈንቅሎ፣ ለሳምንታት አድርቆና ሞልቶ ኤፖክሲ በተባለ ውሃ የማያሳልፍ ሬዚን መሸፈን ይቻላል። በድንጋይ የተመታ ቦታ ሲሆን ግን ከውስጥም መታየት አለበት፤ ከውጭ ጭረት የሚመስለው በውስጥ በኩል ሰፊ ስብራት ሊሆን ይችላል።

የቀዳዳው ጥገና ራሱ ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት መልክ እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም። ትክክለኛው መንገድ የተሰባበረውን ቆርጦ ማውጣትና ጠርዙ ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ በግራይንደር መሞረድ ነው። የተለመደው ልክ 12 ለ1 ነው፤ የቀፎው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሙረዳው በየአቅጣጫው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል ማለት ነው። አዲሱ ጨርቅ በዚህ ተዳፋት ላይ በድርብርብ ሲነጠፍ ሰፊ መያዣ ያገኛል። ኤፖክሲ በድሮው ፖሊስተር ላይ ከአዲስ ፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ተራ ጄልኮትም በላዩ በቀላሉ ስለማይይዝ ብዙዎች ማጠናቀቂያውን በጀልባ ቀለም ያደርጉታል። የመስታወቱ ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ የፖሊስተሩ ትነት ራስ ያዞራል፤ ኤፖክሲም ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። ማስክ፣ ጓንትና ነፋሻ ቦታ የግድ ናቸው።

ለየት ያለ ምርመራ የሚጠይቁ ጀልባዎችም አሉ። በ1958 የወጣችው ቦስተን ዌለር በሁለት የፋይበርግላስ ገጾች መካከል ፎም የተሞላች ናት። ፈጣሪዋ ዲክ ፊሸር ጀልባዋን በመጋዝ ለሁለት ሲቆርጥና እኩሌታዋ ሳትሰምጥ ስትቀር በ1961 ላይፍ መጽሔት ፎቶውን አውጥቶት ነበር። ይሁንና ገጿ ተሰንጥቆ ለዓመታት የቆየች ዌለር ፎሟ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። እርሷን ከመዶሻ ይልቅ ሚዛን ያጋልጣታል፤ ፋብሪካው ካወጣው ክብደት እጅግ ከበለጠች ትርፉ ውሃ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የገንዘቡ ስሌት ነው። ሬዚንና ጨርቅ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ሊሆኑ ይችላሉ። ሞተሩ፣ ተጎታቹ፣ ሸራው፣ ምሰሶውን የሚወጥሩት ሽቦዎች፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በየተራ ይመጣሉ። የተጠገነች ጀልባ ዋጋም የሚወሰነው በዓይነቷና በዕድሜዋ እንጂ በፈሰሰላት ላብ አይደለም። ለትርፍ ብሎ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል፤ በራሱ እጅ መሥራት የሚወድና ጀልባዋን ሊጠቀምባት የሚፈልግ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ወረቀቷም አስቀድሞ ይታይ፤ በአሜሪካ ከኅዳር 1972 ወዲህ የተሠራ ጀልባ በኋላ ግድግዳው ላይ 12 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ አለው፤ የባለቤትነት ሕጉም በየግዛቱ ይለያያል። ባለቤቷ የማይታወቅ ጀልባ ብትጠገንም ላትመዘገብ ትችላለች።

መጣሉም ነፃ አይደለም። የጠነከረ ፖሊስተር እንደ ብረት ቀልጦ ተመልሶ አይሠራም፤ አብዛኛው ተቆራርጦ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ፈረንሳይ ከ2019 ጀምሮ ጀልባ አምራቾች ወጪውን የሚጋሩበት የማፍረሻ ሥርዓት ዘርግታለች፤ በብዙ አገር ግን የማስወገጃው ሒሳብ በመጨረሻው ባለቤት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በነፃ የተሰጠች ጀልባ ይህንንም ዕዳ ይዛ ትመጣለች።

እንግዲህ ሁለት ጀልባዎች ቀረቡ እንበል። አንዷ ጎኗ ተቀዷል፤ ወለሏ ግን አይሰረግድም፣ የኋላ ግድግዳዋ አይላወስም፣ ብሎኗ ሲፈታ ደረቅ የእንጨት ብናኝ ይወጣል። ሌላዋ ጭረት እንኳ የላትም፤ ወለሏ ግን ከእግር ሥር ይሰረግዳል። የመጀመሪያዋን ለመጠገን የጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ሥራ ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛዋ ወለሏ ተገሽልጦ፣ እንጨቷ ተዝቆ ወጥቶ፣ እንደገና መሠራት አለባት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን ባለቀዳዳዋ ላይ ያውላል።