ርቢና የጣና እምቦጭ

ብዙዎቻችን 2⁵ ተጽፎ ስናይ ሁለትን በአምስት አባዝተን 10 እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር ርቢ ትባላለች፤ የታችኛው ቁጥር ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደሚባዛ ታመለክታለች። ስለዚህ 2⁵ ማለት 2×2×2×2×2 = 32 ነው።

የልዩነቱን ክብደት ለመረዳት ወደ ጣና እንመልከት። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። ይህ አረም ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንድ እምቦጭ ተዘንግቶ ቀረ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ገና አልተባዛምና 2⁰ = 1 ነው። በ20 ሳምንት ግን እጥፍ መሆኑ ዐሥር ጊዜ ይደጋገማል፤ ይኸውም 2¹⁰ = 1,024 ነው። ስፍራ ካገኘና ሌላ 20 ሳምንት ከቆየ 2¹⁰×2¹⁰ ይሆናል። የታችኛው ቁጥር አንድ ዓይነት ሲሆን ርቢዎቹ ይደመራሉና ውጤቱ 2²⁰፣ ማለት 1,048,576 ነው።

እንግዲህ ከ1,024 እምቦጭ 1,023ቱ ተነቅሎ አንዱ ቢቀር፣ ከ20 ሳምንት በኋላ ድካሙ ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። አንበሳሜ ያለችበት ደራ ወረዳ የጣና አዋሳኝ ናትና፣ ርቢ ለእኛ የጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ብቻ አይደለም። የመጨረሻዋን አንዲት አረም መንቀል ለምን እንደሚገባ የሚያስረዳን ይኸው ሒሳብ ነው።