ፈየራ ወይስ ሰንበታ?

በባሌ ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚጓዝ መኪና በአንድ ቀን ብዙ አየር ያቋርጣል። መጀመሪያ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ ውርጭ ይቀበለዋል። ቀጥሎ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ሪራ አካባቢ ደግሞ ጭጋግ የለበሱ የኮሶ ዛፎች ይመጣሉ። ከዚያ መንገዱ ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። እየወረደ ሲሄድ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ጫካ ቡና ይታያል። ሹራብ ለብሶ የተነሳ መንገደኛ መና ሲደርስ አውልቆ በትከሻው ጣል ያደርገዋል።

ይህን ቁልቁለት በወረቀት የወረዱትም ጥቂት አይደሉም። ዴንማርካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኢብ ፍሪስ የደቡባዊውን ተዳፋት ደን ከላይ እስከ ታች በየቀበቶው ከፍለው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት በሲኔት ነበር። በ1989 እዚያው መጽሔት ላይ ልሳነወርቅ ንጋቱና መስፍን ታደሰ ስለ ሐረና ደን ዕፅዋት ጻፉ። በ2006 ደግሞ ፈየራ ሰንበታ በጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ሐረናን ከቦንጋ፣ ከያዩ፣ ከብርሃነ ኮንትርና ከማጂ የቡና ደኖች ጋር አነጻጸሩ።

ዛሬ ስለ ደሎ መና ጫካ ቡና የዶክትሬት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ እነዚህን ሥራዎች አንድ ጊዜ ጠቅሶ አያልፍም። ፍሪስ በመግቢያው ይጠቀሳል፤ በተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ይመለሳል፤ የጥናቱ አካባቢ ሲገለጽ ይመጣል፤ በውጤቱ ትንታኔ ላይ እንደገና ይነሳል። አራት ምዕራፍ፣ አራት ፋይል፣ በመካከሉ ሁለትና ሦስት ዓመት። በአንዱ ምዕራፍ 1986 የተባለው በሌላው 1987 ሆኖ ቢገኝ መርማሪው መምህር በቀይ ማስመሩ አይቀርም።

ለዚህ ጣጣ የተሠራው መሣሪያ ሪፈረንስ ማኔጀር ይባላል። ከእሱ በፊት ሥራው የካርድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ትንሽ ወፍራም ወረቀት፣ በሳጥን በፊደል ተራ ተደርድሮ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቢብቴክ፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ ኤንድኖት፣ ቆይቶም ሜንዴሌይ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። በ2006 በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዞተሮ በነጻ ስለሚገኝ ለተማሪ ኪስ ይስማማል። መዝገቡ በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጥም የባሌዋ ሮቤ ላይ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ሥራ አይቆምም። በኢንተርኔት ለሚቀመጠው ቅጂ የሚሰጠው ነጻ ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ የዋቢዎቹን መረጃ ለመያዝ ከበቂ በላይ፣ ፒዲኤፎቹን ለመጨመር ግን ጠባብ።

የመሣሪያው ብልሃት መረጃውን ከመልኩ መለየቱ ነው። ተማሪው የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱን፣ ርዕሱንና መጽሔቱን በየሳጥናቸው አንድ ጊዜ ይሞላል። ወርድ ላይ እየጻፈ ጥቅስ ሲያስገባ ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ወደዚያ መዝገብ የሚያመለክት ሕያው ገመድ ነው፤ ቅንፉንና ነጠላ ሰረዙን የሚያስቀምጠው ስታይል የሚባለው የአጻጻፍ ደንብ ነው። ዞተሮና መሰሎቹ የሚጋሩት የስታይል ክምችት ከ10,000 በላይ ደንቦችን ይዟል። ዩኒቨርሲቲው በኤፒኤ ደንብ ይሁን ቢል፣ መጽሔቱ በቁጥር ይሁን ቢል፣ ምርጫውን መቀየር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ራሱን እንደገና ይጽፋል።

ምዕራፎች በየፋይላቸው ሲጻፉ ግን እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ዓለም ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ አውጥቶ ምዕራፍ ሁለት አንደኛውን፣ ምዕራፍ አራት ሌላኛውን ብቻ ቢጠቅሱ፣ ሁለቱም ዓመቱን ያለ ፊደል ይጽፉታል። ምዕራፎቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ሶፍትዌሩ መምታታቱን አይቶ «ኤ» እና «ቢ» ይለጥፍባቸዋል። በቁጥር የሚጠቅስ ስታይልም በየምዕራፉ ከአንድ ይጀምርና ሲዋሃድ ከዳር እስከ ዳር ቁጥሩን ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገመዱ እስካልተቆረጠ ነው። «አንሊንክ» የሚለው ትእዛዝ ሕያዉን ጥቅስ ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተማሪዎች እሱን የሚነኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ያውም በቅጂው ላይ ብቻ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፊደሎቹ ያለ ቦታቸው ይመጣሉ፤ አንድ የ2006 ሥራ «2006ኤ» እና «2006ቢ» ሆኖ ሁለቴ ይዘረዘራል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ነው፤ አንዴ ከፒዲኤፍ፣ አንዴ ከመጽሔቱ ድረ ገጽ። ምዕራፍ አንድ ከአንደኛው፣ ምዕራፍ አምስት ከሁለተኛው ጋር ተሳስረው ይገኛሉ። ዞተሮ የተደገሙትን ለይቶ የሚያሳይበት ማህደር አለው፤ ሁለቱ ሲዋሃዱ ችግሩ ይፈታል።

እስከዚህ ያለው ጣጣ የቦንም የቦስተንም ተማሪ የሚያውቀው ነው። የባሌው ተማሪ ግን ሌላ ይጨመርበታል፤ ከስም ይጀምራል።

ሶፍትዌሩ ለሰው ስም ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለራስ። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። ሰውየው ፈየራ ናቸው፤ ሰንበታ አባታቸው ናቸው። መረጃው ከመጽሔቱ ድረ ገጽ በራሱ ሲገባ ግን ሰንበታ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጥና ጥቅሱ «ሰንበታ፣ 2006» ብሎ ይወጣል። ልጅ ጽፎ አባት ይጠቀሳል። የመስፍን ታደሰ ጽሑፍ በዚሁ መንገድ «ታደሰ» ይሆናል። በያዩ ደን ላይ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ደግሞ እንደ መዝጋቢው «ጎሌ»፣ «ወልደማርያም» ወይም «ታደሰ» ተብለው ሊወጡ ይችላሉ። ሁለቱ አሠራሮች በአንድ ጽሑፍ ከተደባለቁ «ታደሰ» ሲባል የመስፍን አባት ይሁኑ የቡናው ተመራማሪ አንባቢው አያውቅም። ሲኔት የኢትዮጵያውያንን ስም ከነአባቱ፣ የራስን ስም አስቀድሞ በሙሉ መጻፉ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኢትዮጵያ የዕፅዋት አትላስ ጸሐፊዎችም ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ቫን ብሩገል ናቸው፤ መካከለኛው በአንዱ ዝርዝር በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው ይገኛሉ። ሰብስቤ ስም ያወጡላቸው እሬቶች ግን አያሻሙም፤ በዕፅዋት ሳይንስ ደንብ ከእነዚያ ዕፅዋት ስም ቀጥሎ የሚጻፈው «ሰብስቤ» የሚለው ነው።

ከውጭ አገር ስሞችም የማያስቸግር አለ። በባሌ ቀይ ቀበሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 በኦክስፎርድ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ ሁለቱን የቤተሰብ ስሞች በሰረዝ አስረዋቸዋል። ሶፍትዌሩ እንደ አንድ ቃል ያነባቸዋል።

ሌላው ጣጣ ዘመን ነው። የባሌ የገበሬዎች አመፅ የተጀመረበትን ዓመት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 1963 ይለዋል፤ በዚያው ዓመት የተጻፈ የአውራጃ ደብዳቤ 1955 ይላል። ተማሪው ሁለቱንም እንዳሉ ቢያስገባ ሶፍትዌሩ በመካከላቸው የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ ይቆጥራል። ስለዚህ በሁሉም ምዕራፍ አንድ አቆጣጠር መያዝ፣ የመጀመሪያውንም ቀን በማስታወሻ ሳጥኑ ማኖር ያስፈልጋል።

የቦታ ስምም ያጠምዳል። በላቲን ፊደል ሐረና አንዳንዴ በአንድ «ኤን»፣ አንዳንዴ በሁለት ይጻፋል፤ ደሎም «ዶሎ» ሆኖ ይገኛል። በራሳችንም ፊደል «ሐረና» ብሎ ለሚፈልግ «ሀረና» አይመጣለትም፤ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት ፊደላት ናቸውና። መድኃኒቱ ለሁሉም መዛግብት አንድ ዓይነት መለያ ቃል መስጠት ነው፤ «ደሎ መና» የሚለው መለያ ሲነካ ጽሑፉ በየትኛውም አጻጻፍ ቢመጣ ከእነ ጓደኞቹ ይወጣል።

የስሙ ጣጣም የማይፈታ አይደለም። በዞተሮ ከስሙ ሳጥን ጎን ያለች ትንሽ ቁልፍ ሁለቱን ሳጥን አንድ ታደርጋለች፤ በቢብቴክ ስሙን በድርብ ቅንፍ ማቀፍ፣ በኤንድኖት መጨረሻው ላይ ነጠላ ሰረዝ መጨመር ተመሳሳይ ውጤት አለው። ተማሪው አንድ ማለዳ መዝገቡን ከፍቶ «ፈየራ ሰንበታ» ብሎ በአንድ ሳጥን ያስገባል፤ ምዕራፎቹ ወደተዋሃዱበት የወርድ ፋይል ተመልሶ «ሪፍሬሽ» ይጫናል። በሁሉም ምዕራፎች ሰንበታ ብቻውን የቆመበት ቦታ ሁሉ ፈየራ ሰንበታ ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ያለው የዋቢ ዝርዝርም ይንቀሳቀሳል፤ ስሙ ከ«ኤስ» ተነስቶ ወደ «ኤፍ» ይወጣና የሐረናን ተዳፋት ከፈየራ ሃያ ዓመት ቀድመው ከወረዱት ከፍሪስ በላይ ቦታውን ይይዛል።