ያነበበ ያካፍል፤ አንድ ሰው ብቻ ያወቀው ማሳ አያድንም

በአሶሳ ዙሪያ ገጠር ማሽላው ዘለላ በሚይዝበት ወቅት በእርሻው መካከል ሐምራዊ አበባ ያለው አጭር አረም ብቅ ይላል። አቀንጭራ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ከመሬት በታች ግን ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ማሽላው ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ ብዙ ገበሬ ዝናብ ያጠረው ወይም መሬቱ የደከመ ይመስለዋል። አንዱ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያረግፋል። ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። ነፋስ፣ ጎርፍና የከብት ኮቴ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያሻግሩታል።

ስለዚህ አረም የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ ለአንድ ገበሬ ደረሰው እንበል። አንብቦም ተረዳው። አቀንጭራውን አበባ ሳያወጣ ነቀለው፤ በማሽላው ማሳም አኩሪ አተር፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ እያፈራረቀ ዘራ። እነዚህ ሰብሎች የአቀንጭራውን ዘር ቀስቅሰው ያበቅሉታል፤ የሚጣበቅበት ሥር ግን ስለማያገኝ ደርቆ ይቀራል። ሰውየው መልካም ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ያነበበውን ለጎረቤቱ አልነገረም። ጎረቤቱ አረሙን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ አፈራ፤ ዘሩንም ነፋስ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት አንባቢው ማሳ ውስጥ አቀንጭራ እንደገና ታየ።

ሰውየው አንብቧል፤ ለብቻው ስላነበበ ግን ንባቡ ማሳውን አላዳነለትም።

ምሳሌው የሚያስረዳው አንድ ቁም ነገር ነው። በገጠር መጽሐፍ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። አሁን ምን እያነበቡ እንደሆነ፣ የት እንደደረሱና ምን እንዳገኙበት ለሌላው መንገር ትርፍ ጊዜ ያላቸው የከተማ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለገበሬ ማኅበር አረም እንደ መንቀልና ምንጭ እንደ መጠበቅ ያለ የጋራ ሥራ ነው።

የንባብ ቤቶቹ ትምህርት

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ገጠር አዲስ አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሠረት የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪዎች፣ መምህራንና ፊደል የቆጠሩ ሁሉ በየዙሩ ዘመቱ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ፣ ከእርሻ መልስ ደብተሩን ይዞ የሚመጣው አዛውንትና ልጇን ያዘለችው እናት ሳይቀሩ፣ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ዘመቻው ገና በሁለተኛ ዓመቱ፣ በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዩኔስኮ ከሚሰጣቸው ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማቶች አንዱን አገኘ።

የዘመቻው አዘጋጆች አንድ ነገር ቀድመው ተገንዝበው ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ ያወቀውን ይረሳል። ስለዚህ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚያስረዱ፣ ለጀማሪ አንባቢ በሚስማማ ቀላል አማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተዘጋጁ ትናንሽ መጻሕፍት ተላኩ።

የአብዛኞቹ የንባብ ቤቶች ዕድሜ ግን አጭር ነበር። ጦርነቱና የመንግሥት ለውጡ አንድ ምክንያት ናቸው። ከዚህ ሌላ ለማንኛውም የማኅበር መሪ ትምህርት የሚሆን ምክንያት አለ። መጻሕፍት የሚኖሩት በሚያነሷቸው ሰዎች ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ መጽሐፉ ተደርድሮ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ከገባ ንባቡ አብቅቷል ማለት ነው። የቀረውን ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። በአሶሳ ምድር ምስጥ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። መጽሐፍን ከምስጥ የሚያድነው ቶሎ ቶሎ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው።

ብዙ ቋንቋ፣ አንድ መጽሐፍ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያነበቡትን የመንገር ጉዳይ ከሌላው አካባቢ የከበደ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 784 ሺህ ያህል ነበር። ከዚህም ከሩብ ጥቂት የሚበልጠው በርታ ሲሆን፣ አማራውና ጉሙዙ እያንዳንዳቸው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ነበሩ። ኦሮሞው፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞውም አሉ። ከግማሽ በላይ የሆነ አንድም ብሔረሰብ የለም። በ1970ዎቹ፣ በተለይም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሠፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሠፍረው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ጎረቤት ሆነዋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ትምህርቱን በ15 ቋንቋዎች እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ከ15ቱ መካከል ግን የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የሺናሻ ቋንቋ አልነበረም። የአሶሳው በርታ ገበሬ ፊደል ሲማር አብሮ ሌላ ቋንቋ መማር ነበረበት። ሸክሙ እጥፍ ነበር ማለት ነው። በኋላ ዘመን ሦስቱ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል እየተጻፉ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ ደንቡ፣ መመሪያውና አብዛኛው የእርሻ ጽሑፍ የሚመጣው በአማርኛ ነው።

ስለዚህ በአንድ መንደር አማርኛ የሚያነብ ወጣት፣ በትምህርት ቤት በበርታ ቋንቋ ማንበብ የለመደች ልጅ፣ ቁርኣን ቀርተው ዐረብኛ የሚያውቁ ሽማግሌ፣ ምንም የማያነቡ ግን የአፈሩን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁ እናት በአንድ ማንጎ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን ሙሉ አይደሉም። ወጣቱ ያነበበውን በአማርኛ ሲናገር፣ ልጅቷ ወደ እናቷ ቋንቋ ስትመልሰው፣ ሽማግሌው ከሚያውቁት ጋር ሲያመዛዝኑት፣ እናትየዋም «ይህ በእኛ አፈር አይሆንም» ወይም «ይሆናል» ሲሉ ያን ጊዜ መጽሐፉ በሙሉ ተነበበ ይባላል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፣ በኋላም በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀየው ተፈናቅሏል። የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻውን ግጭት ያቆማል ማለት አይቻልም። ሆኖም በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ መጽሐፍ ላይ የሚነጋገሩ ጎረቤታሞች ክፉ ወሬ ሲመጣ «እውነት ነው?» ብለው የሚጠያየቁበት ቦታ አላቸው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የእርሻ ብቻ መሆን የለበትም

አንዳንድ መሪዎች ለገበሬ የሚነበብ ሁሉ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር መሆን ያለበት ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሰው የሚወደውን ካላነበበ የሚጠቅመውን የማንበብ ልማድ አይዝም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በድምፁ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ብዙ ሕዝብ ታሪኩን አወቀው። ጎረቤት ሬዲዮ ወዳለው ቤት እየተሰበሰበ ሰማ፤ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ተጨቃጨቀ፤ ፊታውራሪ መሸሻን የተቃወሙትን ገበሬዎች አነሣ። አንድ ሰው ጥሩ አድርጎ ያነበበው መጽሐፍ ለሺህ ሰው እንደሚበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። በመንደር ደረጃም ልብ ወለድ አንብቦ የሚተርክ አንድ ጎበዝ ካለ፣ ለእርሱ ትረካ የመጣው ሰው ከዚያው ላይ ስለ ማንጎ ተባይ የተጻፈውንም ሰምቶ ይሄዳል።

የማንጎው ነገር ለአሶሳ ቀላል አይደለም። ነጩ የማንጎ ተባይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ እየተዛመተ አሶሳ ደረሰ። ቅጠልና ፍሬ ላይ ተለጥፎ ፍሬውን ያጠወልጋል፤ ዋጋውንም ያሳጣል። የተጠቃውን ቅርንጫፍ መግረዝና ማቃጠል ከመከላከያ መንገዶች አንዱ ነው። እንደ አቀንጭራው ሁሉ አንዱ ገርዞ ሌላው ከተወ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ታንዛኒያ ያደረገችው

በቡድን ማንበብና መወያየት ምን ያህል እንደሚያስገኝ ታንዛኒያ በ1965 ዓ.ም. አሳይታለች። «ሰው ጤና ነው» የተባለው ዘመቻ የተካሄደው በየመንደሩ በተቋቋሙ ትናንሽ ቡድኖች ነበር። ቡድኖቹ ለ12 ሳምንት በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ በመጀመሪያ የሬዲዮውን ትምህርት ያዳምጣሉ። ቀጥሎ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ከትንሿ መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ከዚያ «ይህ በእኛ መንደር እንዴት ነው?» እያሉ ይነጋገራሉ፤ በመጨረሻም የሚሠሩትን ይወስናሉ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተካፍሎበታል። በዘመቻው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመፀዳጃ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል።

ከዚህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ መሆናቸው ነው። በየቡድኑ አንድ አንባቢ በቃ። ቁም ነገሩ አንባቢው ያነበበውን ለራሱ አለማስቀረቱና ውይይቱ በውሳኔ ማለቁ ነው።

ማኅበሩ እንዴት ይጀምር?

ሥራው በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አያያዝ ነው። የሚከተሉት ነጥቦች ለመጀመር ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ጊዜ መምረጥ ነው። አዝመራ ከገባ በኋላ እስከ በልግ መጨረሻ ያለው ወቅት የተመቸ ነው። ቀኑ የሁሉንም እምነት ያገናዘበ ይሁን። የዓርብ ስግደትና የእሑድ ቅዳሴ ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ መንደር ስላሉ ሁለቱንም የማይነካ ሰዓት ይፈለግ። ሴቶች ውኃ ቀድተው እንጀራ ወይም ገንፎ የሚያሰናዱበት ሰዓት ከሆነ ግማሹ ማኅበር ቀርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የመጽሐፍ ሳጥን ማዘጋጀት ነው። ከግድግዳ ርቆ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ በክረምት በላስቲክ ይሸፈን። የሽመል መደርደሪያ ለምስጥና ለነቀዝ ስለሚጋለጥ በየጊዜው ይታይ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ያለበት ቀበሌ ሳጥኑን በዚያ ሊያስቀምጠው ይችላል። ቁልፉ ግን በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ አንደኛዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የውሰት መዝገብ መያዝ ነው። አንድ ደብተር ይበቃል። የተዋሰው ሰው ስም፣ የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደበትና የሚመልስበት ቀን ይጻፍበት። መጽሐፉን የመለሰ ሰው ደግሞ በስብሰባው ላይ ያገኘበትን አንድ ነገር ሳይናገር ሌላ አይውሰድ። ብድር የሚከፈለው በመመለስ ብቻ ሳይሆን በመናገርም ነው።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ አንባቢ አራት ነገር ይናገር፦ ምን እያነበበ እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ምን እንዳስደነቀው፣ ምኑ እንዳልገባው ወይም እንዳላመነው። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «አልገባኝም» የሚል አንባቢ ካለ የልማት ሠራተኛው መልስ እንዲያመጣ ይጠየቅ። የታተመ ሁሉ ለአሶሳ አፈርና ዝናብ ይሠራል ማለት አይደለምና አዲስ ነገር በማሳ ጥግ በትንሹ ይሞከር፤ ውጤቱም በዚያው ስብሰባ ይነገር።

አምስተኛ፣ አስተርጓሚ አስቀድሞ ይመረጥ። ንግግሩ በአንድ ቋንቋ ብቻ ካለቀ የቀሩት ለጨዋነት ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አይመጡም።

ሊቀ መንበሩስ?

በመጨረሻ መጠየቅ ያለበት የመሪው ድርሻ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የጸረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ፣ የዘር ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ የሚነበቡ ናቸው። ደንቡን ያነበቡት ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ብቻ ከሆኑ አባሉ መብቱን የሚያውቀው በእነርሱ መልካም ፈቃድ ነው። የመድኃኒቱን ማስጠንቀቂያ ያነበበው ባል ብቻ ከሆነና ለሚስቱ ካልነገረ፣ ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ይገዛበታል። በዚህ ጊዜ አለመናገር የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ራሱ ተነሥቶ ቢጀምር ተገቢ ነው። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ አንድ ገጽ ያንብብ፤ ያስተርጉም፤ ምን እንደገባው ይናገር፤ ጥያቄም ይቀበል። መሪው ያነበበውን ያልደበቀበት መንደር ውስጥ ሌላው የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይላል ያገሬው ሰው። ለብቻው ያነበበም የጎረቤቱ አቀንጭራ ማሳው ድረስ ይመጣበታል።